ዕድሩን ላገዱት፣ ሰዓቱንም ላሳጠሩት ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ወርቅአፈራሁ ደምመላሽ፣
የጎህ ወጣቶች ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣ የ“ሰባት በር” የስልክ ካርታ ውድድር ሰብሳቢ፣ የመድረክ መሪ፣ እንዲሁም እንደ አስፈላጊነቱ ሰዓት አሳጣሪ፤
ፒያሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም የጉሮሮዎን። ያን እሑድ ከረፋድ እስከ አመሻሽ ማይክሮፎን ሳይለቁ ስለ ጨዋነት፣ ስለ ፍትሐዊ ፉክክርና ስለ ወጣቱ ብሩህ ተስፋ ሲያስተምሩን ስለዋሉ ድምፅዎ ሻክሮ እንዳይሆን ከልቤ ሰግቻለሁ። ቤተሰብዎም፣ እንግዶችን ሲቀበልና ሲሸኝ የዋለው ወገብዎም ደህና እንዲሆኑልኝ እመኛለሁ። እኔ በበኩሌ ከቁጣ በቀር ምንም አያመኝም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእርስዎው ትእዛዝ ነው። መድረኩ ላይ ወጥቼ ስጮህብዎ፣ ፈገግታዎ ለአፍታ ሳይጓደል፣ “እኅቴ፣ ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ማዕከላችን የሚሠራው በሥርዓት ነው” ብለውኛል። እነሆ በጽሑፍ አቀረብኩ። በፖስታ ታሽጎ ለጽሕፈት ቤትዎ ያልገባበት ምክንያትም ቀላል ነው፤ ወንድሜን ያዋረዱት በታሸገ ፖስታ ውስጥ አልነበረምና።

ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ያልነበሩ አንባቢዎች ስላሉ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ነገር እንደ አዲስ ስተርክ እንዲታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ። ታሪኩን ቢያውቁትም ከሌላ ሰው አፍ ሰምተውት የሚያውቁ አይመስለኝም።

ታላቅ ወንድሜ ሰመረ ሐዱሽ ይባላል። እዚሁ ፒያሳ፣ ከአንድ ወርቅ ቤት ጓዳ ተቀምጦ ቀለበትና ሐብል ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የብዙ ሙሽሮች ስም በእሱ እጅ ቀለበት ላይ ተቀርጿል። ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት ያዘውና ብርሃኑ ከዳር ከዳር እየተበላ ሄደ። አሁን የሚያየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ ያቺም ቀዳዳ ደብዝዛለች። መሣሪያዎቹን ለጓዶቹ አከፋፍሎ ቤት ገባ። ቤት መግባት ስል ክቡርነትዎ እንደሚያስቡት ማረፍ ማለቴ አይደለም። ማለዳ ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ የትም የማይሄድ ሰው ማለቴ ነው።

ከዚያ ቤት ያወጣው ካርታ ነው። እሪ በከንቱ ውስጥ አቡበከር የሚባል ጎረቤታችን ሻይ ቤት አለው። ከስድስት ኪሎ የሚመጡ ተማሪዎችና የሰፈሩ ልጆች እዚያ ተሰብስበው “ሰባት በር” የሚባለውን ጨዋታ በየስልካቸው ይጫወታሉ። አቡበከር ወንድሜን እጁን ይዞ ወስዶ፣ ማኪያቶ አስቀርቦለት፣ “አንተ ብቻ ተቀመጥና ሲሳደቡ ስማቸው” አለው። ሰመረ ሲሳደቡ ሰማ። ቀጥሎ ለምን እንደሚሳደቡ ጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ እሱ ራሱ የሚሰደብ ተጫዋች ሆነ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ይገጥማሉ። እያንዳንዱ አንድ ወገን ይመርጥና ከዚያ ወገን ካርታዎች የራሱን ዴክ፣ ማለትም ይዞት የሚዘምተውን ጥቅል፣ አስቀድሞ ያሰናዳል። ከዚያ ተራ በተራ ካርታ እየጣሉ ወታደር ያሰልፋሉ፤ የባላጋራውን በር የሰበረ ያሸንፋል። ወገኖቹ ከባሕር ማዶ የመጣ ስም አላቸው፤ የአራዳ ልጅ ግን የተሰጠውን ስም እንዳለ ተቀብሎ አያውቅም። ገና ከመጀመሪያው እየጮኸ ሮጦ የሚማታውን ጦረኛ “ፎካሪው” አሉት፤ የሌላውን ካርታ የሚሰርቀውን “ሞጭላፊው”፤ ያገኘችውን የምታቃጥለውን አስማተኛ “ክብሪት”። አካፋ ትከሻው ላይ የጣለው ቀባሪ ደግሞ “ዕድሩ” ተባለ። የዕድሩ ወታደሮች ደካሞች ናቸው፤ ቶሎ ይሞታሉ። ነገር ግን አንዱ በሞተ ቁጥር ለቀሩት አንድ ነገር ትቶላቸው ያልፋል፤ ለአንዱ ጋሻ፣ ለአንዱ ጉልበት። በመጨረሻም ልጆቹ “ጡሩንባው” የሚሏት ካርታ አለች፤ እሷ ስትጣል የወደቁት ሁሉ፣ ጥሪ እንደሰማ የሰፈር ሰው፣ ተሰብስበው ይመጣሉ።

ወንድሜ ዕድሩን ወደደ። ለምን እንደወደደው እርስዎን ማስረዳት ድካም ነው፤ ለሌሎቹ ግን መግለጽ አያስፈልግም። የካርታዎቹን ጽሑፍ ማንበብ ስለማይችል በቀለማቸውና በሥዕላቸው ቅርጽ አጠናቸው። የማያውቀው ሲገጥመው ስልኩን ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠግቶ፣ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ድረስ አስጠግቶ፣ ቀስ ብሎ ይፈልገዋል። ጨዋታው ለዚህ ያመቻል፤ ለአንድ ተራ የሚሰጠው ጊዜ እንደ ተጋጣሚዎቹ ስምምነት ረጅም ወይም አጭር ይሆናልና። አቡበከር ቤት ሁሉም በረጅሙ ይጫወታል። ማንም ለሰመረ ተብሎ እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም።

ተማሪዎቹ ምክር ሲጠይቁት እንዲህ ይላቸው ነበር፦ “ፎካሪ የሚያሸንፍህ ስትደነግጥለት ነው። ይምታህ። በርህ ይሰንጠቅ፤ ብቻ አይሰበር። እሱ ጉልበቱን ጨርሶ እጁ ላይ አንዲት ካርታ ስትቀረው፣ ያን ጊዜ ጡሩንባህን ንፋ።” ዴኩ ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ካርታ ለምን እንደገባች ያስረዳል፤ ያወጣትን ደግሞ ለምን እንዳወጣት። ወርቅ ሲመዝን የነበረውን ድምፅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

በዚህ መሀል እርስዎ ውድድር አወጁ። በማዕከልዎ በር ላይ በለጠፉት ማስታወቂያም፣ በመክፈቻው ዕለት በማይክሮፎንም፣ “ወገን ሁሉ ክፍት ነው፤ ሰዓቱ ረጅሙ ነው” ብለው አስታወቁ። ሰመረ ይህንን በጆሮው ካልሰማ አልመዘገብም ስላለ እኔው ይዤው መጣሁ። እፊትዎ ቆሞ፣ “ጋሼ፣ ሰዓቱ እስከ መጨረሻው ረጅሙ ነው?” ብሎ ጠየቀዎት። እርስዎም ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ “አንተ ብቻ ና! ማዕከሉ የሁሉም ነው” አሉት። ስለዚያች የትከሻ ምት የተሰማኝን ምስጋና አሁን መልሼ ለመውሰድ መንገዱ ምን እንደሆነ፣ ማመልከቻ የሚያስፈልገው ከሆነም፣ ቢገልጹልኝ ደስ ይለኛል።

ወንድሜ ገጠመ፣ አሸነፈ፤ ደግሞ ገጠመ፣ አሸነፈ። ለፍጻሜው ደረሰ። ተጋጣሚው ዕዝራ ነበር፤ የስድስት ኪሎ ተማሪ፣ ጎበዝ ፎካሪ ተጫዋች፣ በአጋጣሚም የእኅትዎ ልጅ። “በአጋጣሚ” ያልኩት ለክብርዎ ስል ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ቅሬታዎቼን፣ ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ዕድሩ መታገድ።

በፍጻሜው ዕለት አዳራሹ በሰው ሞልቶ፣ ትልቁ ስክሪን በርቶ፣ እንግዶች ከፊት ተደርድረው ሳለ፣ ወደ ወንድሜ ቀረብ ብለው ዕድሩ መታገዱን ነገሩት። ለምን ሲልዎ፣ “እንግዶች አሉብን፤ ይሄ ሞት ሞት የሚል ነገር ለወጣቱ ጥሩ ስሜት አይሰጥም። ደግሞም ይዘገያል፤ ሰው ይሰለቻል” አሉት። ለወጣቱ መንፈስ ስለሚያስቡ ከልብ አመሰግናለሁ። በፎካሪው ካርታዎች ላይ በመጥረቢያ የሚፈለጠው ራስ፣ የሚቃጠለው መንደር፣ በጦር ጫፍ የተሰቀለው ሰው ለወጣቱ ተስፋ የሚሰጡ መሆናቸውንም ከእርስዎ ተምሬአለሁ። ለካ ክፋቱ መግደሉ ላይ አይደለም፤ የሞተውን ማንሣቱ ላይ ነው!

ይህን ጊዜ እኔ ለመነሣት ቃጣሁ። ሰመረ ክንዴን ያዘና፣ “እሺ ጋሼ፣ ሌላ ይዤ እጫወታለሁ” አለዎት። ምንም ያህል አላቅማማም። የማይወደውን ፎካሪ መረጠ፤ እኔ ከጎኑ ሆኜ የካርታዎቹን ጽሑፍ እያነበብኩለት እዚያው ወንበሩ ላይ አዲስ ዴክ ሠራ። ሰው ሁሉ ፎካሪን የሚሠራው በመጥረቢያ ነው፤ እሱ በጋሻ ሞላው። “እንዲህ ያለ ፎካሪ አይቼ አላውቅም” አልኩት። “እኔም” አለኝና ሳቀ። እየሳቀ መድረክ ወጣ። ይህን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ የመጀመሪያውን ግፍ ሳቅ አድርጎ ነው የተቀበለዎት።

ዋንጫው ከሦስት ዙር ሁለቱን ላሸነፈ ነው፤ ወንድሜ የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ። የዕዝራ መጥረቢያዎች ጋሻው ላይ ደነዙ፤ እጁ ባዶ ሲሆን ወንድሜ ቀስ ብሎ በሩን ሰበረበት። አዳራሹ ተናወጠ። አቡበከር ወንበር ላይ ቆሞ ነበር። የሰለቸው ሰው እንደነበረ ዞር ዞር ብዬ ፈልጌአለሁ፤ ከእርስዎ በቀር አላገኘሁም።

2ኛ. ስለ ሰዓቱ።

የተቀመጥኩት ከዳኛዋ ጠረጴዛ አጠገብ ነበር፤ ስለዚህ አልሰማችም ብለው እንዳይጨነቁ። ወደ ዳኛዋ ወደ ፈይሩዝ ጎንበስ ብለው፣ “ወደ አጭሩ ቀይሪው” አሏት። ልጅቱ ደንግጣ፣ “ጋሼ፣ መሀል ላይ እኮ አይቀየርም” አለችዎት። “እንግዶቹ ሊሄዱ ነው፤ ቀይሪው ነው የምልሽ” አሉ። ቀየረችው። እኔ እሷን አልወቅስም። ሥራዋን የሰጧት እርስዎ ነዎት፤ “አይቀየርም” ብላ የደፈረችዎትም በማዕከልዎ ውስጥ እሷ ብቻ ናት።

ሁለተኛው ዙር ጨዋታ አልነበረም። ሰመረ ስልኩን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ተራው ያልቃል፤ ሲያርቀው ያልቃል። ወታደሮቹ ቆመው ተቀጠቀጡ። ተሸነፈ። እጁን አነሣና፣ “ጋሼ፣ ሰዓቱ ተቀይሯል መሰለኝ” አለ። በዚያ ጨዋ አነጋገሩ “መሰለኝ” አለ! እርስዎም በማይክሮፎን፣ ለእንግዶቹ እያስረዱ፣ “ሰዓቱ ለሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ነው” አሉ። እውነትዎን ነው። አንካሳና ፈረስ አንድ ሜዳ ላይ ቢለቀቁ ሜዳው ለሁለቱም እኩል ነው። እንዲህ ያለ እኩልነት ለማዕከልዎ ሠራተኞችም እንዲዳረስ እጸልያለሁ።

“እሺ” አለ ወንድሜ። ለሁለተኛ ጊዜ። ሦስተኛው ዙር ተጀመረ።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ሦስተኛው ዙር ሥርዓት ባለው አማርኛ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ቀድጄዋለሁ። እንደሚከተለው በተራ ቋንቋ ብጽፈው ይለፍልኝ። ሰመረ ስልኩን ወደ ዓይኑ ማስጠጋቱን ተወው። በመጀመሪያው ዙር ያጠናቸውን ካርታዎች በቀለማቸው እየለየ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በጣቱ ብቻ መጫወት ጀመረ።  ዕዝራን እግር በእግር ተከተለው። የወንድሜ በር ተሰንጥቆ ሳለ፣ በመጨረሻው ተራ፣ አንድ መልኳን ያላጠናት ካርታ ደረሰችው። ዴኩን ሲሠራ ጽሑፏን አንብቤለታለሁ፤ ከዚያ ቀን በፊት ግን ነክቷት አያውቅም። ምን እንደሆነች ለማየት ስልኩን ወደ ዓይኑ አነሣ።

ያቺ ካርታ አሸናፊዋ ነበረች። ትልቁ ስክሪን ላይ ሁላችንም አየናት። እንግዶቹ አዩዋት፣ የጥበቃ ሠራተኛው አያት፣ እኔም አየኋት፤ መናገር ክልክል ነውና አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ወንድሜ ስልኩን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ሰዓቱ አለቀ። የዕዝራ መጥረቢያ ወረደ፤ በሩ ወደቀ።

3ኛ. ስለ ቀልድዎ።

በሩ እንደወደቀ ማይክሮፎንዎን አነሡና፣ “ካርታዋ ዓይን ዓይኑን እያየችው እኮ ነው! ምን እናድርግ፣ ይሄ ጨዋታ ዓይንም ይፈልጋል!” አሉ። ከፊት ረድፍ የተወሰኑ ሰዎች ሳቁ። ብዙዎቹ አልሳቁም፤ ለወንድሜ ግን የሳቀውና ያልሳቀው አይለይም፤ እሱ የሚሰማው የሳቀውን ብቻ ነው።

አራተኛ ቁጥር የለም። ከዚህ በላይ መቁጠር አልቻልኩም። ማይክሮፎኑን ከእጅዎ ሊነጥቅ የዘለለው ሰው ማን እንደነበረ ጽሕፈት ቤትዎ ያጣራ እንደሆነ፣ እኔ ነኝ፤ ሚስጥር ሐዱሽ። ይቅርታ አልጠይቅም። ድምፅ ማጉያውን ያጠፋው ባለሙያዎ ባይኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት ባላባከንኩ ነበር።

ወንድሜን ይዤ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል በእግራችን ሄድን፤ ታክሲ አልሳፈርም አለ።  ድልድዩን እንደተሻገርን፣ “እሺ አልኩት እኮ፣ ሚስጥር። ሁለቴ እሺ አልኩት” አለኝ።  ቤት ሲደርስ ጨዋታውን ከስልኩ ላይ አጠፋው። አቡበከር መጥቶ ለመነው፣ ተማሪዎቹ መጡ፤ በጨዋነት አስተናግዶ ሸኛቸው። ማለዳ ማለዳ ተነሥቶ፣ ሸሚዙን ለብሶ፣ የትም ሳይሄድ መቀመጡን ቀጠለ። እኔ ተቆጣሁት። “አንድ ባለጌ ስለተናገረ ትተወዋለህ?” አልኩት። “ባለጌው አይደለም” አለኝ። “እኔ እዚያ ስሄድ ዓይኔን ረስቼው ነበር። ዓይኔን ረስቼ የምቀመጥበት አንድ ቦታ ነበረኝ። አሁን ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር ሰው እያየኝ ይመስለኛል።”

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የወሰዱበት ዋንጫ አይደለም። ይህንን ነው የወሰዱበት። ይህ ከየትኛው የማዕከሉ ደንብ አንቀጽ ጋር እንደሚሄድ ቢያመለክቱኝ እወዳለሁ።

አሁን ደግሞ የማያውቁትን ልንገርዎት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ዕዝራ ቆሟል። በሩን መልሼ ልዘጋበት ነበር። አልገባም አለ፤ እዚያው ደጃፍ ላይ ሆኖ፣ ሰመረ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ሰዓቱ ሲቀየር አይቻለሁ። ስልኬ ላይ ይታያል። አጎቴ ስለሆነ ዝም አልኩ” አለ።  “ይቅርታ ለማለት ነው የመጣሁት፤ ይቅር ባትሉኝም ገብቶኛል” አለ።

 ሰመረ ከውስጥ ሆኖ፣ “ስልክህን ይዘሃል?” አለው።

“ይዣለሁ።”

“ግባ እንግዲህ። እኔ እስክጭነው ድረስ ትጠብቃለህ፤ ኔትወርኩን ታውቀዋለህ።”

ኔትወርኩን ያውቁታል። ጨዋታው እስኪጫን ድረስ ሁለቱ ተፋጠው ተቀመጡ፤ እኔ ሻይ አፈላሁ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሌላ አፈላሁ። በመጨረሻ ገጠሙ። ሰዓቱ ረጅሙ። ወንድሜ ዕድሩን፣ ዕዝራ ፎካሪውን ይዘው። ይኸው ፈረሱ፣ ይኸው ሜዳው።

እኔ ወንድሜ እንደሚያደቀው እርግጠኛ ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ልጁ እንዲደቅቅ በሙሉ ልቤ ፈልጌአለሁ። ሰመረ እንደ ልማዱ ተመታ፣ ታገሠ፣ ወታደሮቹን አንድ በአንድ ቀበረ፤ በሩ ተሰነጠቀ፤ የሚጠብቃት ጊዜ ደረሰችና ጡሩንባውን ነፋ። የሞቱት ሁሉ ተነሡ። ዕዝራ ግን የፎካሪን ባሕርይ ጥሶ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንዲት ካርታ ሳይጥል እጁ ላይ ይዞ ኖሯል። ማዕበል ናት፤ ሜዳ ላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጋ የምትወስድ። ጡሩንባውን ሲጠብቅ ነው የኖረው። የተነሡት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጠረጉ፤ የወንድሜ በር ወደቀ።

ተሸነፈ፣ ክቡር ሆይ። በሚወደው ወገን፣ በረጅሙ ሰዓት፣ በገዛ ቤቱ፣ በንጹሕ ጨዋታ ተሸነፈ።

ከዚያም ሳቀ። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ደስታ ሲበዛበት በእናታችን ቋንቋ፣ በትግርኛ፣ ስለሚናገር፣ “ኣታ ወዲ!” እያለ የልጁን ጉልበት በጥፊ መታው፤ አንተ ልጅ፣ አንተ ጉደኛ እንደማለት ነው። “ከየት ነው የተማርከው ይህን? ፎካሪ ታግሦ ያውቃል?” አለው። ዕዝራ አንገቱን ደፍቶ፣ “ፍጻሜው ላይ ጋሻ ይዘው ሲጫወቱ አይቼ” አለ። “ድገመኝ!” አለ ሰመረ። ደገሙ። ያን ጊዜ ማን እንዳሸነፈ አላየሁም፤ ጓዳ ገብቼ እያለቀስኩ ነበር።

እንግዲህ የደረሰውን ጉዳት ሒሳብ ስናወራርድ፣ ክቡርነትዎ የበደሉት ወንድሜን ብቻ አይደለም። የእኅትዎ ልጅ ያለ እርስዎ እርዳታ ማሸነፍ የሚችል ሰው ነበር። ጋሻውን ሊያልፍ፣ ጡሩንባውን ሊያከሽፍ የሚችል ተጫዋች ነበር። አጎቱ ግን አላመነበትም። በሰው ሁሉ ፊት፣ “ይህ ልጅ ሰዓት ካልተቆረጠለት አይችልም” ብለው የመሰከሩበት እርስዎ ነዎት። በዓለም ላይ ብዙ ዓይነት አድልዎ አይቻለሁ፤ ያደሉለትን ሰው እንዲህ አድርጎ የሚያዋርድ ግን የእርስዎ የመጀመሪያዬ ነው። ስምዎ ወርቅ አፈራሁ ይላል። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ወርቅ ሲያቀልጥ የኖረ ስለሆነ የእርስዎን ስም ሰም መስሎት ወርቁን ሲፈልግ ከርሟል፤ አላገኘም።

ዋንጫው የት እንደደረሰ ሳይጨነቁ አይቀሩም። ዕዝራ ለአቡበከር ሰጥቶታል። ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ የሻይ ማንኪያ ይያዝበታል። ውድድሩም እዚያው ቀጥሏል፤ ከማዕከልዎ ይልቅ ጠባብ ነው፣ ትልቅ ስክሪን የለውም፣ እንግዳም አይጋበዝም። ዳኛዋ ፈይሩዝ ናት። ወገን ሁሉ ክፍት ነው። ሰመረ ዘወትር ይሄዳል፤ ሲሄድ ማንንም አያስከትልም። አሁንም ስልኩን ወደ ዓይኑ ሲያነሣ አንዳንዴ እጁ ለአፍታ ቆም እንደሚል አያለሁ። ያቺ አፍታ የእርስዎ ናት። ወደፊትም ምናልባት የእርስዎ ሆና ትቀራለች።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። ዋንጫ አልፈልግም፤ ካሣ አልፈልግም፤ ሻይ ጋብዘው ትከሻዬን እንዲመቱኝም አልፈልግም። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማይክሮፎን፣ በዚያው ፈገግታ፣ “ሰዓቱን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ፤ የተናገርኩትም ነውር ነበር” እንዲሉ ነው። ከመናገር የማይሰለች አንደበት እንደተሰጠዎት ስላየሁ፣ እነዚህ ጥቂት ቃላት ይከብዱታል ብዬ አልጠረጥርም። እምቢ የሚሉ ከሆነም ይህ ደብዳቤ ከተለጠፈበት ሳይነሣ፣ በሻይ ቤቱ በር ላይ፣ በተጫዋቾቹ የቴሌግራም ግሩፕና መለጠፊያ ባገኘሁበት ግድግዳ ሁሉ ላይ እርስዎን ወክሎ ይናገራል።

ከፍ ላለው ወንበርዎ፣ ወንበሩ እስካለ ድረስ የሚገባውን ከበሬታ ሳላጓድል፤ ለማይክሮፎንዎ ዕረፍትን፣ ለሰዓትዎ ቅንነትን፣ ለእርስዎም እንቅልፍ የሚነሣ አንድ ሐሳብን ከልብ እየተመኘሁ፣

ያዘዙኝን ጽሑፍ በወቅቱ ያቀረብኩ ታዛዥ ባለጉዳይዎ፣
ሚስጥር ሐዱሽ
ከእሪ በከንቱ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከጽሕፈት ቤትዎ ስልክ ተደወለልኝ። ማዕከሉ በዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ “አካል ጉዳተኞችን በማሳተፍ ረገድ የተገኙ ስኬቶች” የሚል ገጽ ስላለው፣ የወንድሜ ፎቶግራፍ እንዲላክ፣ ቢቻል ፈገግ ያለበት እንዲሆን በትሕትና ተጠይቄአለሁ። አለን፤ ያን ቅዳሜ ዕዝራ ሲያሸንፈው ሲስቅ አንሥቼዋለሁ። አንልክልዎትም።